ያደረ መርዶ

በሐምዲያ ቤት እልልታው ሲቀልጥ ከበቡሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው እየለየች ነበር። እልልታ የሰማ ሰው ምን ተገኘ ብሎ ይሮጣል እንጂ መቼም አይደነግጥም፤ እሷ ግን ክው አለች። አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተው ስንት ዓመት የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሐምዲያን ሳል ከሳቋ፣ ሳቋን ከለቅሶዋ በግድግዳው በኩል ትለያለች። እንዲህ ያለ እልልታ ግን ልጇ ዘይቱና ከሄደች ወዲህ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። «አገኘኋት! ልጄን አገኘኋት! ዘይቱናዬ በሕይወት አለች!» እያለች ሐምዲያ ሻሿ ከራሷ ተንሸራቶ፣ በባዶ እግሯ ወደ ግቢው ወጣች። ተከራዩ ሁሉ ከየክፍሉ ብቅ ብቅ አለ። ከሁሉ ቀድማ ማቀፍ የሚገባት ከበቡሽ ነበረች፤ ተነሣችም፣ አቀፈቻትም። ዘይቱና መሞቷን ከዚያ ግቢ ሰው ሁሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ናታ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የከበቡሽ ልጅ መቅደስና ዘይቱና አብረው ያደጉ፣ ትምህርቱንም አብረው የተዉ፣ አምና ደግሞ ለማንም ሳይናገሩ አብረው የጠፉ ልጆች ናቸው፤ በጅቡቲ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ሊገቡ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር አብረው ደነገጡ። በኋላ ረመዷን ሊገባ ሲል ከበቡሽን ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። መቅደስ ነበረች፣ በሹክሹክታ። «እማዬ፣ ስልኩ የድብቅ ነው፣ ቶሎ ልንገርሽ። ሳዑዲ ውስጥ ስደተኛ የሚታጎርበት ማቆያ ነኝ። ዘይቱና ባሕሩን ከተሻገርን በኋላ በረሃው ላይ ታማ ሞተችብኝ። መታወቂያዋ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ሲይዙን የእስላም ስም ይሻላል ሲባል ሰምቼ፣ ፎቶው ደብዝዟልና እሱን አሳየሁ። አሻራዬም ስሜም በእሷ ነው የተመዘገበው። ለእትዬ ሐምዲያ ግን አሁን እንዳትነግሪያት።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ተመልሶም አልተደወለ።

መርዶ ደግሞ እንዲያው ዘው ተብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ከየገጠሩ ይጠራል፣ ማለዳ ተመጥቶ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ቆሞ ነው። ብቻውን ሄዶ መርዶ የሚዘረግፍ ሰው ክፉ ሰው ይባላል። ከበቡሽም ይህንኑ ወግ ይዛ ነው ነገ ከነገ ወዲያ ያለችው። ያን ሰሞን ሐምዲያን ወባ ጥሏት ነበር፤ የታመመ ሰው በመርዶ አይመታም። ከወባው ስትነሣ ጾሙ ገባ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰችን ሴት ምን ብለው! ከዚያ ኢድ ሆነ፤ በኢድማ ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል! ከኢዱ ወዲያ የባሏ የአሊዪ ወንድም ልጁን ዳረ። እንዲህ እንዲህ ሲል መርዶው ከረመ፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያስቀመጠችው ነገር እሷኑ ይፈጃት ጀመር። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ። ዘይቱና ሞተች ተብሎ ድንኳን ከተጣለ፣ በዘይቱና ስም የታሰረችው መቅደስ ማን ልትባል ነው? ይህን ከበቡሽ ለራሷም ጮክ ብላ አልነገረችውም።

እልልታው ጋብ ሲል ሐምዲያ የሆነውን ተናገረች። የደወለላት ሰዲቅ የሚባል፣ የካራቆሬ ልጅ ነኝ የሚል፣ እዚያው ሳዑዲ እየኖረ ለታሳሪ የሚሮጥ ሰው ነው። ቁጥሯን ያገኘው ከመታወቂያው ላይ፣ ተጠሪ ከሚለው ቦታ ነው። ዘይቱና አሊዪ በሕይወት አለች፣ ወደ ሀገር ለሚመለሱ ሰዎች በረራ ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ከቀበሌዋ፣ ወላጅ ቀርቦ ጎረቤት መስክሮ፣ ማኅተም ያረፈበት ማረጋገጫ ዛሬ ካልደረሰኝ ከበረራው ትወጣለች አላት። «ከወጣችስ?» ብትለው፣ «ወደ ሌላ እስር ቤት ያዞሯቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚያገኛት አላህ ይወቅ» አለ። ድምጿን አሰማኝ ብላ ብትለምነው ስልክ አይገባም አላት። ለአሊዪ ደውላ ነግራዋለች፤ ንጋት ላይ ፍየሎቹን ይዞ ካራቆሬ ገበያ ሄዶ ነበርና እዚያው ገበያ መካከል እንደ ሕፃን አለቀሰ አለች። «እንግዲህ ምስክሬ አንቺ ነሽ» ብላ የከበቡሽን እጅ ያዘች። «ዘይቱናን ካንቺ በላይ የሚያውቃት ማን አለ? ተነሺ እንጂ፣ ሽንኩርቱ የትም አይሄድ!»

ባጃጁ ውስጥ የሐምዲያ አፍ አልተዘጋም። አስፋልቱ ገና በጠዋቱ ግሏል፤ ከደሴ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ አቧራና ትኩስ አየር እየደፋባቸው ያልፋል። የልጄን ፀጉር የሰው አገር ውሃ አበላሽቶት ይሆናል፣ ቅቤ አስቀምጬላታለሁ ትላለች። አልጋዋን አሊዪ እንሽጠው ቢለኝ እምቢ ያልኩት ለካ ወድጄ አይደለም፣ የእናት ልብ እኮ ያውቃል፣ ወላሂ ያውቃል ትላለች። ከበቡሽ ወደ ውጭ እያየች «እህ» ትላለች። የማንጎ ሻጮቹን ታያለች፣ ጎማ ጠጋኙን ታያለች፣ ምንም አታይም። ድንገት ሐምዲያ የራሷን ብቻ ማውራቷ አሳፈራት መሰል ክንዷን በከበቡሽ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «ያንቺም አይቀርም እኮ» አለቻት። «ዘይቱናዬ ስትመጣ የመቅደስን ወሬ ይዛ ነው የምትመጣው። አብረው አይደል የሄዱት? እኔ ብቻዬን የምደሰት መሰለሽ? ያንቺ እስክትገባ ደስታዬ ጎዶሎ ነው።» ምድር ተከፍታ ብትውጣት ከበቡሽ ደስ ባላት ነበር። ልጇ የሞተችባት ሴት፣ ልጇ በሕይወት ያለችላትን ሴት እያጽናናች ነው። ይህን የመሰለ ኃጢአት በየትኛው ንስሐ ይነጻል?

ቀበሌው ቢሮ ሲደርሱ ጉዳዩን የሚጽፈው ዮናስ ስብሰባ ገብቷል ተባሉ። የስብሰባ ነገር መቼም የታወቀ ነው፤ ገባ ይባላል እንጂ ወጣ አይባልም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጡ። ግድግዳው ባለጉዳይ ጭንቅላቱን ሲያስደግፍበት ከሚውልበት ቁመት ላይ ዙሪያውን ወዝቷል፤ መብራት ስለጠፋ ማራገቢያው ቆሟል፤ ዝንቡ ከሰው ፊት ወደ ሰው ፊት ይዞራል። አጠገባቸው የተቀመጠች የቀወት ገበሬ ሚስት የከበቡሽን እጅ ሽታ አውቃ ሽንኩርት ስንት ገባ ብላ ጠየቀች። ከበቡሽ ነገረቻት። ሴትዮዋ በይ ስሚ፣ እኛ ማሳ ላይ የሸጥንበት የዚህ እኩሌታ አይሞላም፣ የቀረው የደላላው ነው፣ የናፍጣው ነው እያለች ተማረረች። ከበቡሽ አዎ አዎ ትላለች እንጂ የምትሰማው የሐምዲያን መቁጠሪያ ነው። ሐምዲያ ዓይኗን ጨፍና «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ፍሬዎቹን በጣቷ ታሳልፋለች። ሰዲቅ ደግሞ ይደውላል። ቢሮው ሳይዘጋ፣ እባካችሁ፣ እኔን የሚጠብቁ ሌሎችም አሉ ይላል።

ቀትር ላይ ኮሪደሩ የማያስቀምጥ ሆነ፤ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሙ። ከበቡሽ አሁን ልንገራት አለች በልቧ። ከነገረቻት ሐምዲያ እዚሁ መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ዘይቱና ሞታለች ይባላል፣ ወረቀቱ ቀረ፣ መቅደስም ቀረች። ካልነገረቻት ይህችን ሴት ዓይኗን ሸፍና ገደል አፋፍ ላይ እየነዳቻት ነው። በመጨረሻ ከበቡሽ፣ «ሐምዲያ፣ እንዲያው… ልጅቷ ዘይቱና ባትሆንስ?» አለች። ሐምዲያ መቁጠሪያዋን ጨበጠች። «አታሟርቺብኝ!» አለች። «ስሟን ነገረኝ፣ የአባቷን ስም ነገረኝ፣ መታወቂያዋ እጃቸው ነው። ሌላ ማን ልትሆን ነው?» ከዚያ ፊቷ ለስለስ አለ፤ የከበቡሽን ነጠላ ጫፍ ይዛ ላቧን ከግንባሯ ጠረገችላት። «አልቀየምሽም። የልጅ ነገር ነው፤ ያንቺ ሳትገኝ የእኔ ስትገኝ ሆድሽ ቢብስ አልፈርድብሽም።» ቅናት መሰላት! እውነት ለመናገር፣ ሐምዲያ አፏን ስለዘጋችላት ከበቡሽ በሆዷ ተመስገን ብላለች፤ ይህንንም ስላለች ራሷን ረገመች።

ዮናስ የመጣው ቢሮው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ስብሰባው አድክሞት፣ ምሳውንም ሳይበላ፣ እንዲያውም ይቅርታ ጠይቆ ገባ። «መብራት የለም፣ ኮምፒውተሩ አይሠራም፤ በእጄ እጽፋለሁ። ማኅተሙ እንደሁ መብራት አይፈልግም» አለና ፈገግ አለ። የሐምዲያን መታወቂያ አየ፣ የከበቡሽን አየ፣ የአባት ስም ጠየቀ፣ መጻፍ ጀመረ። ከበቡሽ እፎይ ልትል ስትል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ባለፈው በሰው ስም የሄደ ሰው አጋጥሞን ጉድ ሆነናል። አሁን ወላጅም ምስክርም ፎቶ ሳያዩ አልፈርምም። ያ ሰዲቅ የሚሉት ሰው፣ በእትዬ ሐምዲያ ስልክ ላይ ባለው ቁጥር ጠይቄው፣ በቴሌግራም ልኮልኛል፣ ይኸው እየወረደ ነው። እርስዎ ምስክር ስለሆኑ ይቅደሙ፣ እትዬ ከበቡሽ።»

ፎቶ ይኖራል ብላ ከበቡሽ ጨርሶ አላሰበችም። ኔትወርኩ ደካማ ነውና ምስሉ ደብዝዞ፣ ጉም ውስጥ ያለ ሰው መስሎ ቆየ፤ ከዚያ ቁልጭ አለ። ልጇ ናት። መቅደስ። ጥቁር ሻሽ ግንባሯ ድረስ ለብሳ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ያ የፈረደበት ትልቅ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ። ከጠፋች ጀምሮ ፊቷን አይታው አታውቅም። ስልኩን ነጥቃ ደረቷ ላይ መለጠፍ፣ መሳም፣ ምን አደረጉሽ ልጄ ብሎ መጮህ አማራት። የጉንጯን ውስጥ ደም ደም እስኪላት ነከሰችና፣ «አዎ» አለች። «የጎረቤቴ የሐምዲያ ልጅ ናት። ዘይቱና ናት። ከጨቅላነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።» የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት። ዮናስ ስልኩን ወደ ሐምዲያ አዞረው።

ሐምዲያ ቢስሚላህ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ገና ሳታይ ነበር ፈገግታዋ ፊቷን የሞላው። አየች። ፈገግታው እዚያው ፊቷ ላይ ቀረ፤ የሚያነሣው ሰው እንዳጣ ዕቃ ዝም ብሎ ቀረ። መቅደስን እንዴት አታውቃት! ስንት ጊዜ አጥባታለች፣ ስንት ጊዜ ጎንጉናታለች፣ ስንት ጊዜ ከልጇ ጋር እኩል ገርፋታለች። ቀና ብላ ከበቡሽን አየቻት። ከበቡሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ያን ጊዜ ሐምዲያ ማንም ሳይነግራት ሁሉን አወቀች። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ቢሮው ተዘጋ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው መለሰለት። ዮናስ እስክሪብቶውን እንዳንጠለጠለ፣ «ምነው እትዬ ሐምዲያ? ልጅዎ አይደለችም እንዴ?» አለ። ሐምዲያ ስልኩን አሁንም አየችው። የመቅደስ ነፍስ ልጇን ባጣች ሴት ምላስ ላይ ተቀምጣለች።

«ከስታለች» አለች ሐምዲያ።

ዮናስ እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አልመለሰም።

«አጥንቷ ገጥጦ ሳየው ደንግጬ ነው እንጂ ልጄ ናት» አለች። «ጻፍ፣ የኔ ልጅ። ቶሎ ጻፍ።»

ፈረመች፤ ከበቡሽም ፈረመች። ማኅተሙ ሲያርፍ ሁለቱም አብረው ደነገጡ። ዮናስ ወረቀቱን በስልኩ አንሥቶ ላከው፤ ሰዲቅም ደርሶኛል፣ ከበረራው ገብታለች ብሎ መለሰ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» አላት ዮናስ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ቀልጠፍ ብላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ።

ለመመለሻ ባጃጅ አልያዙም። ሐምዲያ ከፊት፣ ከበቡሽ ከኋላ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ሄዱ። ድልድዩ አጠገብ፣ ሰው ወደሌለበት ጥግ ስትደርስ ሐምዲያ ቆመች። አላለቀሰችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች።

«ረመዷን ሊገባ ሲል። ሐምዲያ፣ ልነግርሽ…»

«በኢድ ቤቴ ገብተሽ እንኳን አደረሰሽ አልሽኝ። እጄን ሒና ስቀባ አጠገቤ ተቀምጠሽ አየሽኝ።» ድምጿ አልጨመረም፤ ቢጨምር ለከበቡሽ በቀለላት ነበር። «ለሞተና ለቆመ የሚደረገው ዱዓ እኮ አንድ አይደለም፣ ከበቡሽ። በየሰላቱ በሰላም መልስልኝ፣ በሰላም መልስልኝ ስል ከረምኩ። ልጄ ማረኝ የሚልላት ሰው አጥታ፣ እኔ እናቷ የማይሆናትን ዱዓ ስልክላት! ይህንን ነው ያደረግሽኝ።»

ከበቡሽ እግሯ ላይ ወደቀች። ዘይቱና እንዴት እንደሞተች፣ መቅደስ ያለቻትን፣ ሁሉንም ልትናገር አፏን ስትከፍት ሐምዲያ በመዳፏ ከደነችው። «አትንገሪኝ!» አለች። «የት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ባፍሽ ካወጣሽው መርዶ ነው። መርዶ ከሆነ እጮኻለሁ፣ ከጮኽኩ ሀገር ይሰማል፣ ያ ልጅ የጻፈውን ይቀደዋል። አንዷ እንኳ ትግባ። ልጅሽ ቤትሽ ከገባች በኋላ እንደ ወጉ፣ ሽማግሌ ይዘሽ፣ ማለዳ ነይ። እስከዚያ መርዶዬን አቆዪልኝ። ማቆየቱን እንደሁ ታውቂበታለሽ።» ከዚያ እጇን አነሣችና በቀሚሷ ጠረገችው። «ተነሺ፣ ሰው እየመጣ ነው» አለች።

ግቢው ውስጥ ጎረቤት ሁሉ ይጠብቃቸው ነበር። እንዴት ሆነ፣ ፈረመ፣ ተላከ እያሉ ከበቧቸው። ሐምዲያ ሻሿን አስተካክላ «አልሐምዱሊላህ፣ ተልኳል» አለች፤ ሳቀችም። እንዴት ብላ እንደሳቀች ከበቡሽ እስከ ዛሬ አይገባትም። ሴቶቹ ፎቶዋን አየሽ ወይ፣ ምን ትመስላለች ሲሏት፣ «ከስታለች እንጂ ደህና ናት» አለቻቸው። አንዷ ዘይቱና መቼም ቆንጆ ናት፣ ሥጋ ቢቀንስም አያጎድላት አለች። ሐምዲያ «አዎ፣ ቆንጆ ናት» አለችና ውሃ ልትጠጣ ወደ ቤት ገባች። ቆየች። ከበቡሽ በግድግዳው በኩል ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች፤ ምንም አይሰማም።

ጀንበር ሳትጠልቅ አሊዪ ከካራቆሬ መጣ። ሰውየው ጎልማሳ መሆኑን ረስቶ ከበሩ ጀምሮ ይሮጥ ነበር፤ ሁለት ፍየሎች በገመድ ያስከትላል፣ የቀሩትን ሸጦ እነዚህን ያልሸጣቸው ለዚህ ቀን ነው። ሚስቱን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም ነቀነቀችለት። «ይሄኛው ለሰደቃ ነው፣ ዛሬውኑ ይታረዳል» አለ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማው። ከዚያ ወደ ከበቡሽ ዞሮ ጥቁሩን ፍየል ጎተት አድርጎ አቀረበው። «ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው። እናንተ የኛን አትበሉ፣ እኛም የእናንተን አንበላ፤ የእናንተ ሰው ባርኮ ይረደውና ክርስቲያኑ ጎረቤት ይብላ። ደስታው እንደሁ አንድ ነው። ልጄን መስክረሽ ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ከበቡሽ። ወላሂ፣ ውለታሽን በምን እከፍለዋለሁ!»

ገመዱን ዘርግቶ ቆመ። ከበቡሽ እጇን ልታነሣ ብትል እጇ እምቢ አለ። ጎረቤቱ ፈገግ ብሎ ያያታል፤ አፍራ ነው ብለው ነው። አሊዪ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ይጠብቃታል። ሐምዲያ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ብቅ አለች፤ ፊቷን ታጥባለች፣ ሻሿም ንጹሕ ነው።

«ተቀበዪው እንጂ፣ ከበቡሽ» አለች። «ሰው ያየናል።»

ከበቡሽ ገመዱን ተቀበለች።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ አሊዪ» አለች።